ሰሙ ያበራል፤ ወርቁስ?

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም ከግቢው በር ስደርስ ድምፅ ማጉያው ትዝታ ማንቆርቆር ጀምሯል። ትኬት ቆራጯ ልጅ ፈገግ ብላ «ወደ ድሮ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። እንድትል ታዝዛ መሆን አለበት፤ ከእኔ በፊት ለገቡትም ከእኔ በኋላ ለመጡትም ያንኑ ስትል ሰምቻለሁ። ያም ሆኖ ደስ አለኝ። ሐያሲ ከቤቱ የሚወጣው ጥርሱን ስሎ ነው ይላሉ። እኔ ግን የዚያን ዕለት የወጣሁት ልደሰት ነበር። ቅዳሜንና እሑድን ከልጅነቴ መኪኖች ጋር ልውል፣ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር «ታስታውሳለህ?» ልባባልና ልመለስ። ይህን ጽሑፍ የመጻፍ ሐሳብ የመጣብኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽልማቱ ሲሰጥ ነው።

የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ነገሬ ከእነሱ ጋር ሳይሆን ከመለኪያቸው ጋር ነው፤ መለኪያው ደግሞ የእነሱ ብቻ አይደለም።

መኪኖቹ በሣሩ ላይ በአራት ረድፍ ቆመዋል። የፊቱን ሁለት ረድፍ የያዙት ቮልሶች ናቸው፤ ሰማያዊ፣ ክሬም፣ ቀይ፣ አንዲት ደግሞ ሮዝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሮዝ ቮልስ ድሮ አይቼ አላውቅም፤ ይሁን። ከጀርባቸው ሁለት ፔጆ 404፣ አንድ ኦፔል፣ ሸራዋ የተገለበጠ ላንድሮቨር፣ ዳር ላይ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ የለበሰች ፊያት ሰይቼንቶ። ሰይቼንቶዋ ዘንድ ነጠላቸውን ያጣፉ ሁለት እናቶች ቆመው በታክሲ ሒሳብ ይከራከራሉ። አንደኛዋ «ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር» ስትል ሌላዋ «ኧረ ሃምሳ ነው፣ እኔ አይደለሁም ወይ ስከፍል የኖርኩት!» ብላ ሙጭጭ አለች። ክርክሩ ሳያልቅ የልጅ ልጃቸው መጥታ ሰይቼንቶዋን አስደግፋ ፎቶግራፍ አነሣቻቸው። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ አባቱን አስፈቅዶ የቮልስን የፊት ኮፈን ከፈተ። ሞተር ሲጠብቅ ትርፍ ጎማና የቤንዚን ሰልባትዮ አገኘ። «አባዬ፣ ሞተሯን ሰርቀዋታል!» ሲል አካባቢው ሁሉ ሣቀ። ከትርዒቱ የወደድኩት ይህን ነው። ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አሮጌ መኪና ፊት የቆመ ግን የማያውቀውን ሰው ያዋራል።

እኔም የራሴን ቮልስ ፍለጋ ዞርኩ። የራሴ ስል የአጎቴን ማለቴ ነው። አጎቴ መምህር ነበር፤ ቮልሷን በየወሩ እየከፈለ በ1964 ዓ.ም. ገዛት። እሑድ እሑድ ስምንት ሆነን እንሳፈርባት ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ከኋላው ወንበር ጀርባ ካለችው የዕቃ ጉድጓድ እንገባለን። ሞተሩ ከጀርባችን ነው። ሙቀቱና ጉርምርምታው እንቅልፍ ስለሚጥለን መንገዱን ሳናይ ቤት እንደርስ ነበር። ዛሬም የሞቀ ዘይትና የቤንዚን ሽታ ሲደርሰኝ ዓይኔ ይከብደኛል። በ1970 ዓ.ም. አጎቴ አንድ ጠዋት እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደዚያ ቀረ። መኪናዋ ግን ግቢያችን ውስጥ አራት ዓመት ቆመች፤ እናቴ በየሳምንቱ ታጥባት ነበር። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ለመለዋወጫ ገዛት። ተገዝግዛ ስትወጣ እናቴ ከቤት አልወጣችም።

እንግዲህ አንባቢ ፊቴን ወደ ካርዶቹ ሳዞር ምን ዓይነት መነጽር እንዳደረግሁ ቢያውቀው ደግ ነው። ከእያንዳንዱ መኪና ፊት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ ተተክሏል። ከቮልሶቹ በአንዷ ፊት የቆመው «የወርቃማው ዘመን ትዝታ» ይላል። የማን ወርቅ? ቮልስ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የባንክ ጸሐፊው መኪና ነበረች፤ በዚያን ዘመን ወርቅ ያያት የነበረው ሰው ቮልስ አይነዳም ነበር። ካርዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩ። የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው፤ የመጨረሻው 1973 ይላል። በእኛ ቀመር 1966 ዓ.ም. ግድም መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራ አንድም መኪና በሜዳው ላይ የለም። የትዝታችን ሰዓት አብዮቱ ደጃፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ለምሳሌ ላዳ አልነበረም። አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት በሰማያዊና በነጭ ቀለሙ የተሸከማት ላዳ፣ ሙሽራም ሬሳም ያጓጓዘው ላዳ፣ አንድም አልተጠራም። ከአዘጋጆቹ አንዱን ወጣት ጠጋ ብዬ ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«ላዳ እኮ ታክሲ ነው» አለኝ።

«ሰይቼንቶዋስ?»

ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ ሣቀ። ልጁ ጨዋ ነው። ላዳ የፊያት 124 ልጅ መሆኑን፣ ሶቪየቶች ከጣሊያን ፋብሪካ ጋር ተዋውለው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩት መሆኑን ስነግረው በጽሞና አዳመጠኝ። በሚቀጥለው እናስብበታለን አለ። ይሁንና ላዳ የቀረው በብረቱ ወይም በዕድሜው ምክንያት አይመስለኝም። ላዳ ሲነሣ ሰልፍ፣ የቤንዚን ራሽን፣ ሰዓት እላፊ አብሮ ይነሣል። ይህ ደግሞ ከፈንዲሻና ከባሉን ጋር አይሄድም።

ትዝታ ከቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ዜማው የሚዘፈነው ለቀረ ነገር፣ ለሄደ ሰው ነው። ማሕሙድ አሕመድ ትዝታን ሲጫወት ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደየራሱ ይገባል፤ ደስታውና ሕመሙ አይለያዩም፣ የሚያጣፍጠውም ይኸው ነው። ድምፅ ማጉያው ያን ሁሉ ሰዓት ያንቆረቆረውን ዜማ ያዳመጠ ሰው ያለ ይመስል፣ ከሥሩ የቆመው ትርዒት ግን ሕመሙን ከደስታው ለይቶ በር ላይ አስቀርቶት ነበር።

ይህን ስል ቮልስን ላከብዳት ፈልጌ አይደለም። ራሷ ግን ከታሪክ ማምለጥ አልቻለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ሮልስ ሮይስ በነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ላይ የደረሰውን ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ሥዕል የሚገኝ አይመስለኝም። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላዋ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር መታጠፍ፣ ሰውየው ማጎንበስ አለበት። ሥርዓቱ የተለወጠው በአዋጅ ቢሆንም በከተማው ሰው ዓይን ውስጥ የቀረው ያ ጎንበስ ማለት ነው። በሜዳው ላይ ከሃያ በላይ ቮልሶች ቆመው ነበር። በአንዱም ካርድ ላይ ስለዚያ ጠዋት አንድ ቃል አልተጻፈም። ማስታወሻው ፖለቲካ ይሆናል ተብሎ ተፈርቶ ከሆነ «ወርቃማው ዘመን» ማለትስ ፖለቲካ አይደለም ወይ?

ትውልዷም ቢሆን እንዲህ ጣፋጭ አይደለም። ንድፉን የሠራው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ በ1938 እ.ኤ.አ. ሲጣል የተገኘው ሒትለር ነው። የጀርመን ሠራተኛ በሳምንት አምስት ማርክ እየቆጠበ፣ ቴምብር እየለጠፈ መኪና እንዲጠብቅ ተነገረው። ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች ቆጠቡ፤ ከመካከላቸው በዚያ ቁጠባ መኪና የደረሰው አንድም የለም። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው የጦር ተሽከርካሪ መሥሪያ ሆነ፤ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞችም ተገፉበት። ከጦርነቱ በኋላ ፍርስራሹን ተረክቦ ሥራ ያስጀመረው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ ነበር። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ስትወጣ የተሠሩት ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ደርሰው ነበር። የአምባገነን የውሸት ቃል የነበረች መኪና ተመልሳ የዓለም ድሃ መምህር መኪና ሆነች። ይህን ታሪክ በአንዲት ካርድ ላይ ጨምቆ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ውበቷንም አይቀንሰውም፤ ይጨምርላታል እንጂ።

አሁን ወደ መለኪያው ልምጣ።

እሑድ ጠዋት ሦስት ወጣት ዳኞች ቅጽ ይዘው ከመኪና መኪና ይዞሩ ጀመር። ከጀርባቸው ሆኜ ቅጹን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ቀለም፣ ኒኬል፣ የውስጥ ልብስ፣ የሞተር ንጽሕና፤ ከሁሉ ብዙ ነጥብ የሚያስገኘው ግን «ኦሪጅናልነት» ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ዕቃ ሁሉ ይዛለች ወይ? ዳኞቹ የፋብሪካ ሥዕል የታተመበት መጽሐፍ ይዘዋል፤ መብራቱን፣ መስታወቱን፣ መሪውን ከሥዕሉ ጋር ያመሳክራሉ። የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለው ቮልስ እስከ 1953፣ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነው እስከ 1957 እ.ኤ.አ. የተሠራው መሆኑን ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያውቁታል። እውቀታቸውን አደንቃለሁ።

ይህ መለኪያ የተወለደው እዚህ አይደለም። በካሊፎርኒያ፣ ፔብል ቢች በተባለ ቦታ፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎልፍ ሜዳ ላይ የሚደረግ የመኪና ቁንጅና ውድድር አለ። መጀመሪያ የሚሸለሙት አዳዲስ መኪኖች ነበሩ። በ1955 በ1931 የተሠራች ፒርስ አሮው አሸነፈች፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌን መኪና እንደ አዲስ አድርጎ ማቅረብ የሀብታሞች ጥበብ ሆነ። እያደርም ከአዲስ በላይ አዲስ የሆኑ መኪኖች ሜዳውን ሞሉት፤ ፋብሪካው ራሱ አድርጎት የማያውቀው ቀለም፣ ዝናብ ነክቶት የማያውቅ ጎማ። የእኛ ዳኞች ቅጽ የዚያ ልጅ ነው። ልጆቹ ያልሰሙት ወይም ሰምተው የዘለሉት ነገር ግን አለ። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ፔብል ቢች ላይ አንደኛ የወጣችው በ1934 የተሠራች ቡጋቲ ነበረች፤ ያልታደሰች፣ ቀለሟ ያረጀ፣ ዕድሜዋን ሳትደብቅ የመጣች። እንደነበረች ተጠብቀው ከሚቀርቡት ምድብ አንዲት መኪና የበላይ ስትሆን በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ልብሱን ያዋሱን ሰዎች እነሱ አውልቀውት እኛ ገና ቁልፉን እንቆልፋለን።

በእንግሊዝ አገር ጉድውድ የሚባለውም አለ። ከ1948 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በሠራ የውድድር መንገድ ላይ፣ ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ የዚያን ዘመን መኪኖች ብቻ ያወዳድራሉ፤ ተመልካቹም የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ ይመጣል። ቲያትር ነው፤ ቲያትር መሆኑንም ማንም አይደብቅም። ግን መኪኖቹ ይሮጣሉ። ይጋጫሉ፣ ዘይት ይደፋሉ። በእኛ ሜዳ በሁለት ቀን ውስጥ ሞተራቸው ሲነሣ የሰማሁት ሦስት መኪኖችን ብቻ ነው።

ከሦስቱ አንዷ በአራተኛው ረድፍ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ የቆመች ቮልስ ነበረች። ከሩቅ ስትታይ አረንጓዴ ናት። ሲጠጉ በሯ ሌላ አረንጓዴ፣ ኮፈኗ ደግሞ ሦስተኛ አረንጓዴ ነው። ከጎኗ በኩርሲ ላይ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መካኒክ ናቸው፤ ባለቤቷም እሳቸው።

«ጋሼ፣ ይህች በር የራሷ ናት?» አልኳቸው።

«ምኑ የራሷ አለ ብለህ ነው ልጄ» አሉና ተነሡ። እየዞሩ ያሳዩኝ ጀመር። በሩ ቃሊቲ መንገድ ላይ ከተገለበጠች ቮልስ የመጣ ነው። ሞተሩ የሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ፒስተኖቹ ከሁለት ቦታ የተሰበሰቡ። ማርሚታው መርካቶ ከላሜራ ተቀጥቅጦ የተሠራ። የኋላው ወንበር ሶፋ የሚሠራ ሰው የሰፋው። «በደርግ ጊዜ መለዋወጫ እንደ ልብ አይገባም ነበር። ከሞተችው አውጥተን ለታመመችው እንሰጥ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ከመሪው ሥር አንድ ደብተር አወጡ። ተማሪ የሚጽፍበት ዓይነት፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ያደረጉላት ጥገና ሁሉ ተመዝግቦበታል፤ ቀኑ፣ ዕቃው፣ ዕቃው የመጣባት መኪና ሰሌዳ ቁጥር። ገጾቹን ገለጥሁ። የአጎቴን ሰሌዳ ቁጥር አላገኘሁም። ቁጥሩን በትክክል ማስታወሴንም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ፈለግሁት።

ዳኞቹ እሳቸው ዘንድ የቆዩት ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። ደብተሩን አልጠየቁም፤ ቅጻቸው ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ከስሜት ወጥቼ ስለ ብረቱ ልናገር። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ ውኃ አይፈላባትም፣ አይጎድልባትም። ማራገቢያውን የምታዞረው አንዲት ችንጋ ናት። እሷ ከተቆረጠች ግን ቆሞ መቀየር ነው፤ መጨከን ሞተሩን መግደል ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያወርዱታል። ለጋራዥ እንደዚህ የተመቸች መኪና አልተሠራችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግን ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ማንኛውም የካርቡራተር ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከፋብሪካ የመጣው የካርቡራተር ቀዳዳ ለዝቅተኛ አገር የተለካ ስለሆነ ቤንዚን ያበዛል፤ መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል። የአዲስ አበባ መካኒክ ቀዳዳውን አጥብቦ፣ አየሩን አስተካክሎ ለዚህ ከፍታ ይገራታል። እንግዲህ ንገሩኝ፤ እንጦጦን የምትወጣው ኦሪጅናሏ ናት ወይስ የተነካካችው? ለዚህ አገር ትክክለኛዋ ቮልስ ፋብሪካው የሠራት ሳትሆን እነዚህ ሰዎች ያስተካከሏት ናት።

ካርዶቹ የማይናገሩት ሌላም ነገር አለ፤ ቋንቋው። ሽማግሌው ሲያስረዱኝ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ሰልባትዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ ይላሉ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ቦሎውም ሊብሬውም እንዲሁ። ጣሊያን በጦር መጥቶ በጦር ወጣ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ቃላቱን ትቶ ሄደ፤ እኛም እንደ ሌላው ምርኮ ወሰድናቸው፤ በጀርመን መኪና ላይም እንሠራባቸዋለን። ካርዶቹ ሁሉንም ነገር ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለቀዱ አንዱም ቃል አልገባባቸውም። ጎብኚው ልጅ «ክላች» ብሎ አንብቦ ይሄዳል፤ አያቱ ፍሪሲዮን ሲሉ አይገባውም።

ሽልማቱ የተሰጠው አሥር ሰዓት ላይ ነው። አንደኛ የወጣችው ክሬም ቮልስ ናት። ስለእሷ ደግሞ ሐቁን ልናገር፤ ታምራለች። ሰሙ፣ ማለቴ ፖሊሹ፣ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጎንበስ ብዬ ፊቴን አይቼበታለሁ። ባለቤቷ አራት ዓመት ደክሟል። መብራቷን ከጀርመን፣ የበር ጎማዋን ከብራዚል አስመጥቷል፤ ቀለሟን ሦስት ጊዜ አስነሥቷል። ይህንን ሲናገር ዓይኑ ያበራ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ባይኖሩ ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ቀልጠው የቤት ብረት በሆኑ ነበር። ስለዚህ ጥሌ ከእሱ ጋር አይደለም። ብቻ፣ አካባቢው ያለ ሰው «እስቲ አስነሣት» ሲለው አልሆነም፤ ማርሚታዋ አዲስ ስለሆነ እንዳይጠቁር። በጭነት መኪና ተጭና ነው የመጣችው፤ በጭነት መኪና ትመለሳለች። ዋንጫውን ሲቀበል አጨበጨብኩ። ከዚያ ወደ አራተኛው ረድፍ አየሁ። ሽማግሌው ኩርሲያቸውን እያጣጠፉ ነበር።

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ቅጽ ነው ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎን፣ ስለ ቅጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ሕጎቹ ልክ ናቸው አይደሉም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ጭሱን ላላመርር እችላለሁ ብዬ አልምልም። ግን ትርጉማቸው ግልጽ ነው። በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ያሉት ናቸው፤ ከእንግዲህ አይጨመሩም። የሚጠግናቸው ሰውም እያነሰ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም ካርቡራተርም የለውም፤ ያንን ሙያ የሚማር ልጅ ነገ ከየት ይመጣል? እንግዲህ ከነዚህ መኪኖች የትኞቹ እንደሚተርፉ የሚወስነው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡን የሚመራው ደግሞ ዋንጫው ነው። «ኦሪጅናል» የሆነችው ዋጋዋ ይንራል፤ የተጣጣፈችው ለኦሪጅናሏ መለዋወጫ ትሆንና ትፈታለች። ከዚያ ሃያ ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጃችን የሚያየው ወልፍስቡርግ ከሚገኙት የማይለዩ አሥር ንጹሕ ቮልሶችን ይሆናል። እነሱን ለማየት ደግሞ ጀርመን መሄድ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ብቻ የምትገኘው፣ ከስምንት የሞቱ መኪኖች የተሠራችው አረንጓዴ ቮልስ ግን የለችም።

ቅጹን ለማረም ብዙ አይጠይቅም። ስንት ዓመት ሳትቆም ሠራች የሚል አንድ መስመር፤ ማን ጠገናት የሚል ሌላ። ደብተር ያለው ደብተሩን ያቅርብ፤ የሌለው ይናገርና ይጻፍለት። መካኒኩ ከባለቤቱ ጋር ዋንጫው ዘንድ ይቁም። ላዳ ይጠራ። መስከረም 2ም በአንድ ካርድ ላይ ትጻፍ። ካሊፎርኒያ የሰባ ዓመት ልምዷን በአንድ ቀን አሻሽላ ካሳየችን እኛ ገና በሁለተኛ በሦስተኛው ትርዒታችን ላይ ምን ያስጨንቀናል?

ሕዝቡ ሲበተን ከበሩ አጠገብ ደረስኩባቸው። አረንጓዴዋ ቮልስ ጠዋት በአንድ ቁልፍ የተነሣችው አሁን እምቢ ብላለች። ቀኑን ሙሉ ልጆች መብራቷን ሲያበሩና ሲያጠፉ ባትሪው ደክሟል። ሽማግሌው ለልጆቹ አንድም ቃል አልተናገሩም። ትኬት ቆራጯ ልጅ፣ ያ ስለ ላዳ የጠየቅሁት ወጣትና እኔ ከኋላ ሆነን ገፋን። የሞተሩ ክዳን ገና ለብ ያለ ነበር። ሦስት ሜትር ያህል እንደ ሄድን ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ለቀቁ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፣ ከዚያ ያ የማውቀው ጉርምርምታ ተነሣ። እጃቸውን በመስኮት አውጥተው «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ» አሉን። ወጣቱ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ «ጋሼ፣ ደብተሩን ፎቶ ላነሣው እችል ነበር?» ብሎ ጮኸ። አልሰሙትም። መንገዱን ተሻግረው ነበር።